ቅጣቱ ከትርፉ ሲያንስ፦ የቤዝቦል ሸርተቴ እና የደንቡ ቀዳዳዎች

ሯጩ ኳሷን ራሱ ያዛት።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1957 ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሲንሲናቲ ቡድን ከሚልዎኪ ጋር ቤዝቦል ይጫወታል። የሲንሲናቲው ዶን ሆክ ሁለተኛው ቤዝ ላይ፣ አንድ የቡድን ጓደኛው ደግሞ አንደኛው ቤዝ ላይ ቆመዋል። ዋሊ ፖስት ኳሷን መታት፤ ኳሷም መሬት ለመሬት እየነጠረች ወደ ተከላካዩ ወደ ጆኒ ሎገን መሄድ ጀመረች። ሆክ በዚህ ጊዜ ወደ ሦስተኛው ቤዝ መሮጥ ነበረበት። እሱ ግን መንገድ ላይ ጎንበስ አለና ኳሷን በባዶ እጁ ለቀም አደረጋት። ከዚያም ለሎገን፣ ለተቃራኒው ቡድን ተጫዋች ማለት ነው፣ ወርወር አድርጎለት ከሜዳ ወጣ።

ሆክ አላበደም። ደንቡን ጠንቅቆ ያውቃል። እንዲያውም ከሌላው ሁሉ በተሻለ ያነበበው እሱ ነበር ማለት ይቻላል። ይሄን ለመረዳት ግን ስለ ጨዋታው ጥቂት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለማያውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ፣ የምታውቁት ዝለሉት።

በቤዝቦል አንዱ ቡድን ይመታል፣ ሌላው ይከላከላል። ሜዳው ላይ አራት ቤዞች በካሬ ቅርጽ ተቀምጠዋል፤ ከአንዱ እስከ ቀጣዩ 90 ጫማ ነው፣ ወደ 27.4 ሜትር። መቺው ኳሷን ከመታ በኋላ ወደ አንደኛው ቤዝ ይሮጣል፤ አራቱንም ዞሮ ቤት የገባ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። ተከላካዮቹ ደግሞ ሰው ለማስወጣት ይጥራሉ፤ ሦስት ሰው ከወጣ ተራው ያልቃል። እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፦ አንድ ቤዝ ላይ ሁለት ሰው መቆም አይችልም። ስለዚህ መቺው ኳሷን መሬት ላይ መትቶ ሲሮጥ፣ አንደኛው ቤዝ ላይ ቆሞ የነበረው ጓደኛው ወደደም ጠላም ወደ ሁለተኛው መሄድ አለበት። ይሄን የግዴታ ሯጭ ለማስወጣት እሱን መንካት እንኳ አያስፈልግም። ተከላካዩ ኳሷን ይዞ ቤዙን ቀድሞ ከረገጠ በቃ፣ ሯጩ ወጥቷል። ከዚያ ተከላካዩ ኳሷን ወደ አንደኛው ቤዝ ከላካትና መቺውን ከቀደመችው እሱም ይወጣል። በአንድ ኳስ ሁለት ሰው! አሜሪካኖቹ ደብል ፕሌይ ይሉታል።

ቁጥሩን እንየው። ጎበዝ መቺ አንደኛው ቤዝ ለመድረስ ከአራት ሴኮንድ ትንሽ በላይ ይፈጅበታል። ከሁለተኛው ቤዝ ወደ አንደኛው በሴኮንድ 35 ሜትር የተወረወረች ኳስ 0.8 ሴኮንድ ገደማ ትወስዳለች። መካከል ላይ ተከላካዩ ኳሷን መቀበል፣ ቤዙን መርገጥ፣ ሰውነቱን ማዞርና መወርወር አለበት። መቺው በሴኮንድ 8 ሜትር እየሮጠ ነው ካልን፣ ተከላካዩን በግማሽ ሴኮንድ ብቻ ያዘገየ ሰው መቺውን አራት ሜትር ወደፊት ገፋው ማለት ነው።

ታዲያ ያንን ግማሽ ሴኮንድ ማን ይሰርቃል? ወደ ሁለተኛው ቤዝ የሚሮጠው ሰውዬ ነዋ! እሱ ለራሱ አንድ ጊዜ ወጥቷል፤ የሚያጣው ነገር የለም። ግን እግሩ ገና እየሮጠ ነው፣ ሊወረውር የተዘጋጀው ተከላካይም ከፊቱ ቆሟል። የቤዝቦል ዳኞች ከመቶ ዓመት በላይ የተጨቃጨቁት በዚህ ለራሱ ባለቀለት፣ ለቡድኑ ግን ገና ሥራ በቀረው ሯጭ ላይ ነው።

የሚገርመው፣ ደንቡ ጉዳዩን ከመጀመሪያው አስቦበታል። የኒው ዮርኩ ኒከርቦከር ክለብ በ1845 የጻፈው ደንብ የዛሬው ቤዝቦል አያት ነው ይባላል። ከእሱ በፊት በነበሩት ተመሳሳይ ጨዋታዎች ሯጭን የሚያስወጡት ኳስ ወርውረው በመምታት ነበር። ኒከርቦከሮች ይሄን ከለከሉ። በዚያው ደንብ ላይ ደግሞ ተከላካዩን ኳስ እንዳይዝ የከለከለ ሯጭ እንደሚወጣ ጽፈዋል። አያችሁ፣ ማደናቀፍ የሚባለው ጥፋት ከደንቡ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የጎደለው የሚያይ ዓይን ነበር። በ1880ዎቹና በ1890ዎቹ ብዙ ጨዋታዎች የሚመሩት በአንድ ዳኛ ነው። አንድ ሰው ኳሷንም፣ ቤዙንም፣ ሦስት ሯጮችንም በአንዴ ማየት አይችልም። በዘመኑ ገናና የነበረው ማይክ ኬሊ፣ ዳኛው ፊቱን ባዞረ ቁጥር ቤዝ ሳይረግጥ ሜዳውን አቋርጦ ይሮጥ እንደነበር ይነገርለታል። የባልቲሞር ተከላካዮች ደግሞ በተራቸው የሯጩን ቀበቶ ከኋላ ይዘው ያስቀሩ ነበር። ቁጥጥር በሌለበት ቦታ ሁለቱም ወገን ያጭበረብራል፤ ሯጩ ብቻ አይደለም።

ይኸው ኬሊ ሸርተቴን ዝነኛ ካደረጉት አንዱ ነው። ግን ሰው ቤዝ ላይ ለምን ይንሸራተታል? መሮጥ አይሻልም? አንደኛው ቤዝ ላይ አልፎ መሮጥ ስለሚፈቀድ እዚያ መንሸራተት ብዙም አያስፈልግም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቤዝ ላይ ግን አልፎ የሄደ ሰው ኳስ የያዘ እጅ ከነካው ይወጣል። ስለዚህ ሯጩ በሙሉ ፍጥነት ደርሶ፣ እዚያው መቆም አለበት። ሸርተቴ ማለት ፍሬን ነው፤ ፍሬኑ ሰውየውና አፈሩ የሚፋተጉበት ኃይል ነው።

ምህንድስና ስለማጠና ይሄን ሳላሰላ ማለፍ አልቻልኩም። የፍትጊያው መጠን 0.6 ነው ብለን እንገምት፤ እንደ አፈሩና እንደ ልብሱ ይለያያል፣ ለግምት ግን ይበቃናል። በሴኮንድ 8 ሜትር የሚሮጥ ሰው መሬት ላይ ተንሸራቶ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ይፈልጋል። ከቤዙ 3.5 ሜትር ሲቀረው ሸርተቴ ከጀመረ ቤዙ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ወደ 4.8 ሜትር በሴኮንድ ወርዷል። አንድ ሜትር ሲቀረው ከጀመረ ግን ገና በ7.2 ሜትር በሴኮንድ ነው የሚደርሰው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል አይደል? ጉልበቱ ግን የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። 85 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የመጀመሪያው 970 ጁል ገደማ፣ ሁለተኛው 2,200 ጁል ገደማ ይሆናል። ዘግይቶ መንሸራተት የተከላካዩ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያርፈውን ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዟቸው፣ ወደ ኋላ ላይ እንፈልጋቸዋለን።

በጫማቸው ሥር ሹል ብረት ለሚያደርጉ ተጫዋቾች ነገሩ ከቁርጭምጭሚትም ያልፋል። በኦገስት 1909 የዲትሮይቱ ታይ ኮብ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ሲንሸራተት የፊላዴልፊያውን ፍራንክ ቤከር ክንድ በጫማው ብረት ቆረጠው። ፊላዴልፊያ ተቆጣች፤ የሊጉ ፕሬዚዳንት ባን ጆንሰን ሳይቀር ኮብን ወቀሰ። ከዚያ የአንድ ዲትሮይት ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ያነሳው ምስል ወጣ። ምስሉ ላይ ኮብ ወደ ቤዙ እየተንሸራተተ፣ ቤከር ደግሞ እሱን ለመንካት በሯጩ መንገድ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ወቀሳው በረደ። ዛሬ በቪዲዮ የምንከራከረውን ክርክር ሰዎቹ በአንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተከራክረውታል፤ ጥያቄውም ያው ነው፦ ሰውየው የሚሄደው ወደ ቤዙ ነው ወይስ ወደ ሰው?

አሁን ወደ ሆክ እንመለስ። በ1957 ደንቡ እንዲህ ይላል፦ የተመታች ኳስ ሯጭን ከነካች ሯጩ ይወጣል፣ ጨዋታው ይቆማል፣ መቺው ግን አንደኛው ቤዝ ይሰጠዋል። እንግዲህ የሆክን ሒሳብ እናስላ። ዝም ብሎ ቢሮጥ አንድ ሰው መውጣቱ አይቀርም፤ ሁለተኛው የመውጣት ዕድሉ ለምሳሌ 60 በመቶ ቢሆን፣ ቡድኑ በአማካይ 1.6 ሰው ያጣል። ኳሷን ቢነካት ልክ አንድ ሰው ያጣል። 60 በመቶ የሚለውን ወደ 20 ብትቀይሩት እንኳ መንካቱ ያዋጣል። ደንቡን መጣስ ደንቡን ከማክበር ይሻላል! ይሄ የአንድ ተጫዋች ክፋት አይደለም፣ የዲዛይን ስህተት ነው።

እግር ኳስ የምትወዱ ይሄን ስሜት ታውቁታላችሁ። በ2010 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ፣ ጆሃንስበርግ ላይ፣ የኡራጓዩ ሉዊስ ሱዋሬዝ ጎል የምትገባን የጋና ኳስ በመጨረሻው ደቂቃ መስመር ላይ በእጁ መለሳት። ቀይ ካርድ አየ፣ ጋናም ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች፤ አሳሞአ ጂያን አግዳሚውን መታው፤ ከዚያ ኡራጓይ በመለያ ምት አለፈች። የተረጋገጠ ጎል ወደ «ምናልባት ጎል» ተቀየረ። ብዙ አፍሪካዊ ያን ዕለት ሱዋሬዝን ረገመ፤ እኔ ግን መረገም የነበረበት ደንቡ ይመስለኛል።

ቤዝቦሎቹ ፈጥነው ነው የተንቀሳቀሱት። የሁለቱ ሊጎች ፕሬዚዳንቶች በቀናት ውስጥ አዲስ ደንብ አወጡ፦ ሯጭ ደብል ፕሌይ ለማፍረስ ሆን ብሎ የተመታች ኳስን ወይም የሚይዛትን ተከላካይ ካደናቀፈ፣ እሱም መቺውም ይወጣሉ። ሒሳቡን እንደገና አስሉት። መንካት አሁን ሁለት ሰው ያስከፍላል፣ ዝም ብሎ መሮጥ 1.6። የሆክ ዘዴ በአንድ ቀን ሞተ። ማንንም መምከርና መገሠጽ አላስፈለገም፣ ቅጣቱን ከትርፉ ጋር ማስተካከል በቂ ነበር።

ግን ደንቡ ውስጥ አንድ አስቸጋሪ ቃል ገብቷል፦ «ሆን ብሎ»።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው። የቤዝቦል ደንብ ሁለት ዓይነት ኳስ ይለያል፦ የተመታችና የተወረወረች። የተመታችን ኳስ ለመያዝ የሚሄድ ተከላካይ የመንገድ ቅድሚያ አለው፤ ሯጩ ዞሮለት ማለፍ አለበት። ካደናቀፈው፣ አስቦበት ይሁን ሳያስብ፣ ይወጣል። የተወረወረች ኳስ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሯጩ የሚቀጣው ሆን ብሎ ካደናቀፈ ብቻ ነው። ለምን መሰላችሁ? ሯጩና የተወረወረችው ኳስ ብዙ ጊዜ የሚሄዱት ወደ አንድ ቤዝ ነው። ኳሷ ከኋላው ስትመጣ አያያትም፣ እዚያ ቦታ ላይ የመሆን መብትም አለው። ጀርባውን ስለመታችው ብቻ እንቅጣው ብንል ተከላካዮች ሁሉ ጀርባ ላይ ማነጣጠር ይጀምራሉ። ስለዚህ ልዩነቱ ትክክል ነው። ችግሩ፣ ዳኛውን የሰው ልብ አንብብ ይለዋል።

በኦክቶበር 14 ቀን 1978 የሆነው ይሄ ነበር። የዓለም ተከታታይ የሚባለው የፍጻሜ ውድድር አራተኛ ጨዋታ፣ ያንኪ ስታዲየም። ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ስድስተኛው ዙር ላይ 3 ለ 1 እየመሩ ነው። የያንኪስ ሬጂ ጃክሰን አንደኛው ቤዝ ላይ፣ ተርማን መንሰን ሁለተኛው ላይ ናቸው። ሉ ፒኒዬላ ዝቅ ያለች ኳስ መታ፤ ተከላካዩ ቢል ራስል ከእጁ አምልጣው ወደቀች (ሆን ብሎ ጥሏት ይሆን? ይሄም ራሱን የቻለ ክርክር ነው)፣ አንስቶ ሁለተኛውን ቤዝ ረገጠ፣ ጃክሰን ወጣ። ራስል ወደ አንደኛው ቤዝ ወረወራት። ጃክሰን ኳሷ በአየር ላይ ትያዝ ይሆናል ብሎ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። ኳሷ ስትመጣ አልሸሸም፤ ዳሌውን ወደ እሷ ዘንበል አደረገ፣ ኳሷም ዳሌው ላይ ነጥራ ራቀች። መንሰን ሮጦ ነጥብ አስቆጠረ። የዶጀርሱ አሰልጣኝ ቶሚ ላሶርዳ ሜዳ ገብቶ ጮኸ፣ ተከራከረ፤ ዳኞቹ ግን ማደናቀፍ የለም አሉ። ያ ቢፈረድ ኖሮ ዙሩ እዚያው አልቆ የመንሰን ነጥብ አይኖርም ነበር። ያንኪስ ጨዋታውን በአሥረኛው ዙር 4 ለ 3 አሸነፉ፤ ዋንጫውንም ወሰዱ።

ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ለእኔ ዳሌው ይንቀሳቀሳል። ግን ዳኛው እኔ ያየሁትን አሥር ጊዜ፣ በዝግታ፣ ቁጭ ብሎ አላየውም። እሱ የነበረው አንድ ቅጽበት ነው፤ በዚያች ቅጽበት ደግሞ ዓይኑ በግድ ከኳሷ ጋር ነው የሚሄደው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ የካንሳስ ሲቲው ሃል መክሬ ተከላካዩን ዊሊ ራንዶልፍን፣ ቤዙን ትቶ፣ እንደ ግንድ ተንከባሎ ጥሎት ነበር፤ በዚያው አጋጣሚ ከሁለተኛው ቤዝ የተነሳ ጓደኛው ቤት ገብቶ ነጥብ አስቆጠረ። ከእሱ በኋላ ተንከባሎ መጣል ተከለከለ። ነገር ግን ባህሉ አልተነካም። ደብል ፕሌይ ማፍረስ ለቡድን መሥዋዕት መሆን ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ተከላካዩን አንከብልሎ የመጣ ሯጭ መቀመጫው ጋ ሲደርስ ይጨበጨብለታል። ዳኞችም በልምድ አንድ መለኪያ ነበራቸው፦ ሯጩ እጁን ቢዘረጋ ቤዙን መንካት ከቻለ ሸርተቴው ሕጋዊ ነው። እጅ ሲዘረጋ ስንት ሜትር እንደሚሄድ አስቡት! የ185 ሴንቲሜትር ሰው ሰውነቱ በሙሉ ከቤዙ ውጪ ሆኖ፣ ጣቱ ብቻ ቤዙ አጠገብ ቢሆን «ወደ ቤዙ እየሄደ ነው» ይባላል።

ዳኞቹ ተከላካዩንም አልጨከኑበትም። ቤዙን በትክክል ሳይረግጥ፣ አጠገቡ ከነበረ ብቻ «ረግጧል» ብለው ያልፉት ነበር፤ የሰፈር ጨዋታ ይሉታል፣ ቤዙ ሰፈር ውስጥ ከሆንክ ይበቃል እንደማለት። እግሩን ከሚመጣው ሯጭ እንዲያሸሽ ነው። እንግዲህ ሁለት ያልተጻፉ ልማዶች ተደጋግፈው ቆመዋል ማለት ነው። ሯጩ ትንሽ ያጠፋል፣ ተከላካዩ ትንሽ ያጭበረብራል፣ ሚዛኑ ይጠበቃል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ከሁለቱ አንዱን ስትነኩት ይወድቃል።

የወደቀው በ2015 ነው። በሴፕቴምበር የፒትስበርጉ ጁንግ ሆ ካንግ በእንዲህ ዓይነት ሸርተቴ እግሩ ተሰበረ። ከሳምንታት በኋላ፣ ኦክቶበር 10፣ በጥሎ ማለፉ የዶጀርሱ ቼዝ ዩትሊ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ሮጠ። ኒው ዮርክ ሜትስ 2 ለ 1 እየመሩ ነው፣ ሰባተኛው ዙር። የሜትሱ ሩበን ቴሃዳ ኳሷን ጀርባውን ወደ ሯጩ ሰጥቶ ተቀበላት፤ ዞሮ ሊወረውር ነው። ዩትሊ መሬት የነካው ቤዙ አጠገብ ከደረሰ በኋላ ነበር፣ አቅጣጫውም ወደ ቤዙ ሳይሆን ወደ ቴሃዳ እግር ነው። የቴሃዳ የእግር አጥንት ተሰበረ። ሦስተኛው ቤዝ ላይ የነበረው ሯጭ ቤት ገብቶ ጨዋታው 2 ለ 2 ሆነ።

ከዚህ የባሰው ቀጥሎ የመጣው ነው። ዶጀርስ ውሳኔው በቪዲዮ እንዲታይ ጠየቁ። ካሜራው የቴሃዳ እግር ቤዙን እንዳልረገጠ አሳየ። ስለዚህ ዩትሊ አልወጣም ተባለ! ዩትሊ ራሱ ቤዙን ፈጽሞ አልነካም፤ ግን መጀመሪያ ወጥተሃል የተባለው በዳኛ ስህተት ስለሆነ ሁለተኛው ቤዝ ላይ እንዲቆም ተደረገ። አንዱ በቃሬዛ መሰል ጋሪ ከሜዳ ወጣ፣ ሌላው ቤዙ ላይ ቆመ። ቴክኖሎጂው አልዋሸም፣ የተጠየቀውን ጥያቄ በትክክል መለሰ። ግን የተጠየቀው የተከላካዩን ትንሽ ማጭበርበር ብቻ ነው፤ የሯጩን ጥፋት እንዲያይ ማንም አልጠየቀውም። ዶጀርስ 5 ለ 2 አሸነፉ። የሊጉ ባለሥልጣናት ዩትሊን ሁለት ጨዋታ ቀጡት፣ ይግባኝ አለ፣ ቅጣቱም በማርች 2016 ተነሳለት።

ቅጣቱ ከመነሳቱ በፊት፣ በፌብሩዋሪ 2016፣ አዲሱ ደንብ ወጥቶ ነበር። ይሄ ደንብ እንደ መሐንዲስ በጣም ያስደስተኛል፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። «ሆን ብሎ ነው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በአራት ሊታዩ በሚችሉ ነገሮች ሰባብሮታል። ሯጩ ቤዙ ጋ ከመድረሱ በፊት መሬት ነክቷል? በእጁ ወይም በእግሩ ቤዙን ሊደርስበት ይችል ነበር፣ ሞክሯልስ? ሸርተቴው ሲያልቅ ቤዙ ላይ መቆየት ይችል ነበር፣ ሞክሯል? ተከላካዩን ለመንካት ብሎ መንገዱን ቀይሯል? አራቱን ያሟላ ሸርተቴ ተከላካዩን ቢነካው እንኳ ጥፋት የለበትም። ካላሟላና ደብል ፕሌዩን ለማፍረስ ተከላካዩን ከነካ ወይም ለመንካት ከሞከረ ሯጩም መቺውም ይወጣሉ፤ የ1957ቱ ቅጣት ማለት ነው። እግርን ከተከላካዩ ጉልበት በላይ ማንሳትም ተከለከለ።

ሁለቱን ቁጥሮቻችንን አውጧቸው። «ቤዙ ላይ መቆየት» የሚለው ቅድመ ሁኔታ የፊዚክስ ቅድመ ሁኔታ ነው። በ7.2 ሜትር በሴኮንድ የሚደርስ ሰው ቤዙ ላይ ሊቆም አይችልም፣ አልፎ ይሄዳል። በ4.8 የሚደርስ ግን ቤዙን ይዞ መቆም ይችላል። ደንቡ ስለ ጁል አንድ ቃል አልተናገረም፤ ግን ሯጩ ፍሬኑን ቀድሞ እንዲይዝ አስገደደው። የሰፈር ጨዋታውም በዚያው ዓመት ለቪዲዮ ክፍት ሆነ። ሁለቱ ልማዶች አብረው ተነሱ፤ መሆን የነበረበትም እንዲያ ነበር።

ማንም አልተጎዳም ማለት ግን አይደለም። አዲሱ ደንብ በወጣ ገና በሁለተኛው ወር፣ ኤፕሪል 5፣ የቶሮንቶው ሆሴ ባውቲስታ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ሲንሸራተት እጁን ወደ ኋላ ልኮ የታምፓ ቤይን ተከላካይ እግር ነካ አደረገ። ግፊያ አይደለም፣ ንክኪ ነው። ተከላካዩ የወረወራት ኳስ ዘጭ ብላ አቅጣጫዋን ሳተች፣ ሁለት ሯጮች ገቡ፣ ቶሮንቶ በመጨረሻው ዙር 4 ለ 3 መራች። ከዚያ ቪዲዮ ታየ፣ ማደናቀፍ ተባለ፣ ነጥቦቹ ተሰረዙ፣ ጨዋታው 3 ለ 2 በታምፓ ቤይ አሸናፊነት አለቀ። የቶሮንቶ ሰዎች በጣም ተናደዱ፤ ጨዋታው ሊለሰልስ ነው ያሉም ነበሩ። እኔ ንክኪዋ ኳሷን አሳተቻት ብዬ ለመማል ይከብደኛል። ግን እጁ ወደ ቤዙ እንዳልሄደ ግልጽ ነው፣ ደንቡ የጠየቀውም ይሄንኑ ነው።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ሌላ ጉዳይ ታነሱብኝ ይሆናል፤ የ2019 ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ። የናሽናልስ ትሬይ ተርነር ወደ አንደኛው ቤዝ ሲሮጥ ከተፈቀደለት ጠባብ መስመር ውጪ ነህ ተብሎ ወጣ፤ አሰልጣኙም ሲከራከር ከሜዳ ተባረረ። የዚያ ችግር ጂኦሜትሪ ነው። መስመሩ 3 ጫማ ስፋት ያለው ከድንበሩ ውጪ ነው፣ ቤዙ ግን ከድንበሩ ውስጥ ነው። በቀኝ እጁ የሚመታ ሰው ደግሞ ሩጫውን የሚጀምረው ከውስጥ በኩል ነው። ስለዚህ ወደ ውጪ ወጥቶ፣ መጨረሻ ላይ መልሶ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። በ2024 መስመሩ ወደ ውስጥ፣ እስከ ሣሩ ጠርዝ ድረስ፣ ሰፋ። ለናሽናልስ ደጋፊ ዘግይቷል፤ ደግነቱ ያን ዕለት 7 ለ 2 አሸንፈዋል።

በዚያው በ2024፣ ሜይ 23፣ ቺካጎ ውስጥ ዋይት ሶክስ ከኦሪዮልስ ጋር ሲጫወቱ የሆነውን ነግሬያችሁ እናንተ ትፈርዱበታላችሁ። መጨረሻው ዙር ነው፣ አንድ ሰው ወጥቷል፣ ዋይት ሶክስ 8 ለ 6 እየተመሩ ሁለት ሯጮች ቤዝ ላይ አሏቸው። መቺው ኳሷን ወደ ሰማይ አጎናት። ለእንዲህ ዓይነቷ ኳስ ከ1890ዎቹ ጀምሮ ልዩ ደንብ አለ፦ መቺው ገና ሳትያዝ ወጥቷል ይባላል። ተከላካዮች ቀላል ኳስ ሆን ብለው እየጣሉ ሁለት ሰው እንዳያስወጡ የተደፈነ ሌላ ቀዳዳ ነው። ሁለተኛው ቤዝ ላይ የነበረው አንድሩ ቮን ወደ ቤዙ ለመመለስ ዞረ። የኦሪዮልሱ ጋናር ሄንደርሰን በዚያው መንገድ ወደ ኳሷ እየሮጠ ነው። ሁለቱ ለጥቂት ተነካኩ። ቮን ዓይኑ ኳሷ ላይ ነበር፤ ሄንደርሰን ኳሷን ያለምንም ችግር ያዛት። ማንም አልወደቀም፣ ማንም አልተሰበረም፣ የትኛውም ነጥብ አልተለወጠም።

የተመታች ኳስ ናት፤ ስለዚህ «ሆን ብሎ» የሚለው ጥያቄ አይነሳም። ተከላካዩ ቅድሚያ አለው። በሌላ በኩል፣ ኳሷን የያዘ ሰው ተደናቅፏል ይባላል? ዳኛው እጁን አነሳ፦ ማደናቀፍ፣ ቮን ወጥቷል። መቺው አስቀድሞ ወጥቷል። ሁለት ሲደመር አንድ ሦስት፤ ጨዋታው 8 ለ 6 እዚያው አለቀ።